ወደ ግራ የሚከብድ ጋሪ

ዲንቄ ፈረሱን ጠዋት ጠዋት የምታየው በዓይኗ ብቻ አልነበረም። ጋሪው ከመጠመዱ በፊት ከማጅራቱ ትጀምርና ቆዳውን በሁለት ጣቶቿ ቆንጠጥ አድርጋ ታነሣለች፣ ትለቃለች፤ ትንሽ ወረድ ብላ እንደገና ታነሣለች፣ ትለቃለች። እንዲህ እያለች እስከ ሽንጡ ትደርስና በሌላው ጎን ትዞራለች። ናዝሬት ውስጥ አንድ ግቢ ነበር የምንኖረው። እኔ ደጃፌ ላይ ምስር እየለቀምኩ አያታለሁ።

አንድ ቀን «ምን እየፈለግሽ ነው? መዥገር ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

ሳቀች። «መዥገርማ በዓይን ይታያል፣ አዴ። ቆዳው ከሥጋው ላይ መንሸራተቱን ነው የማየው።»

አባቷ መቂ ከተማ ከብት አራጅ ነበሩ። ቆዳ ሲገፉ እሷ በልጅነቷ እግር ትይዝላቸው ነበር። በቆዳና በሥጋ መካከል ያለችውን ነጭ ስስ ሽፋን በግ ያረደ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ከብቱ ጤነኛ ከሆነ ሽፋኗ እርጥብ ናት፤ ቡጢን አስገብቶ መግፋት ብቻ ይበቃል። ቀንበር የበላው ወይም በእሳት የተተኮሰ ቦታ ላይ ሲደርሱ ግን ሽፋኗ ደርቃና ተኮማትራ፣ ቆዳውን ከሥጋው ጋር ሰፍታ ትገኛለች። እዚያ ላይ ያለ ቢላዋ አይሆንም። አባቷ ይህን ሲያዩ «ይህ በሬ ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ጎኑ ሲቸገር ነው የኖረው» ይሏት ነበር።

«ታዲያ የሚቸገረው እዚያችው ቦታ ላይ ብቻ አይደለም» አለችኝ ዲንቄ። «ሽፋኗ ከአንገት እስከ ጭራ አንድ ናት። አሁን ቀሚስሽን ብብትሽ ሥር በመርፌ ብይዝብሽ፣ ጉልበትሽ ጋ አይጎትትሽም?»

እውነትም ይጎትተኛል።

ባሏ ወዬሳ የናዝሬት ልጅ ነው፤ ባለጋሪ። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ጋሪው ላይ ሲቀመጥ እንደ ችካል ቀጥ የሚል ሰው ነበር። ፈረሱ መልኩ ዳማ ስለነበር ስሙንም ዳማ አሉት። ወዬሳ ለራሱ ቁርስ ሳይቀምስ ለዳማ ገለባ የሚያቀርብ ሰው ነበር። ሶማሊያ በወረረችን ጊዜ ቀበሌያችን ሚሊሺያ እንዲያዋጣ ሲታዘዝ ስሙ ተጠራ። ባቡር ጣቢያው ድረስ ሸኘነው። ዲንቄ አንዱን ልጅ አዝላ፣ ሌላውን በእጇ ይዛ ቆማለች። ወዬሳ ልጆቹን ስሞ ሲያበቃ የመጨረሻ ቃሉ «ዳማን ለሰው እንዳትሰጪ» የሚል ነበር።

እሷ ግን ሰጠች። ሌላ ምን ታድርግ? ልጆቹም ፈረሱም በየቀኑ ይበላሉ። አንድ ባለጋሪ በኪራይ ይዞት ወጣ፤ ብዙ ሳይቆይ ጀርባው ተልጦ መለሰላት። ቁስሉን በጨው ውሃ እያጠበች አዳነችው። ሲሽር ከአሮጌ ብርድ ልብስ አዲስ ግላስ ሰፋችለትና አንድ ማለዳ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አስራ ራሷ ጋሪው ላይ ወጣች።

ያን ጊዜ ናዝሬት ላይ ሴት ጋሪ ስትነዳ ታይቶ አይታወቅም። አውቶቡስ መናኸሪያው በር ላይ ጋሪዎች በሰልፍ ይቆማሉ። የሰልፉ አለቃ ደገፋ ነው፤ ሰው በመልከፍ የታወቀ፣ ሁሉ የሚፈራውም የሚስቅለትም ሰው።

«አንቺ ሴትዮ!» አላት። «ጋሪውን አንቺ ነሽ የምትነጂው ወይስ ፈረሱ ነው ገበያ ይዞሽ የወጣው?»

«ፈረሱ ነው፣ ጋሼ ደገፋ። ያንተ ፈረስ ግን አንተን ይዞ መውጣት እያሳፈረው ነው መሰለኝ፣ አንገቱን ደፍቷል።»

ሰልፈኛው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ደገፋም ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተራዋን የነካባት የለም።

ከአሰላ መንገድ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጆንያቸውን ይዘው ጋሪውን ያዩና እሷን ያያሉ። «ሴት በነዳችው ጋሪ ተሳፈረ ተብሎ አገሬ ቢሰማ ምን እባላለሁ?» አሉ።

«እንግዲያው ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ አባባ። ሲደርሱ እነግርዎታለሁ።»

ሽማግሌው ተሳፈሩ። እኔም ብዙ ጊዜ እህል ላስፈጭ ስሄድ ተሳፍሬላታለሁ። መሃል ላይ ጉልበቷን ገጥማ ትቀመጣለች፤ ልጓሙን በሁለት እጇ እኩል፣ ላላ አድርጋ ትይዛለች። ተሳፋሪውንም እንዳሻው አታስቀምጥም። «እትዬ፣ እርስዎ ወፈር ይላሉ፣ ወዲህ ይምጡልኝ፤ አንተ ቀጭኑ፣ ከነዶሮህ ወዲያ» እያለች ሰውን እንደ ሚዛን ድንጋይ ታደላድላለች። የጋሪው ሁለት ዘንጎች የዳማን ጎን ሳይጫኑ ተንሳፈው ይሄዳሉ። ዳማ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ጀርባውን እንደ ድመት ከፍ አድርጎ ሲራመድ የፊት እግሩ ሩቅ ይወረወር ነበር። ማታ መሠረተ ትምህርት ስንገባ ዲንቄ ፈረስ ፈረስ እየሸተተች ትመጣና አጠገቤ ተቀምጣ ታንቀላፋለች። አስተማሪው ሲቀሰቅሳት ፈረስ የምትነዳ መስሏት «በቃ ሂድ!» ብላ ክፍሉን ያሳቀችው አይረሳኝም።

ወዬሳ የተመለሰው በክራንች ነው። ቀኝ ዳሌው ላይ ጥይት ገብቶ አጥንቱን ሰብሮት ነበር። ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ተጨበጨበለት፣ መፈክር ተሰማ፣ ለስላሳ ተጋበዘ። ከዚያ ግቢያችን ገብቶ በቀጥታ ወደ ጋጣው ሄደ። ዳማ ድምፁን ሲሰማ አሽካካ። ወዬሳ ክራንቹን ጣለና የፈረሱን አንገት አቅፎ አለቀሰ። ዲንቄ በሩ ላይ ቆማ ስትስቅም ስታለቅስም አየኋት። ጥቂት ሰንብቶ ክራንቹን ትቶ በከዘራ መሄድ ሲጀምር ልጓሙን በገዛ እጇ ሰጠችው።

እንደ ድሮው ግን መቀመጥ አልቻለም። ቀኝ ዳሌው ክብደት አይችልም። ስለዚህ በግራ ቂጡ ላይ ብቻ ይደላደላል፤ ቀኝ እግሩን ወደ ውጭ ዘርግቶ፣ በቀኝ እጁ የመቀመጫውን ጠርዝ ጨብጦ፣ በግራ እጁ ልጓሙን አሳጥሮ ይይዛል። ጋሪው ከግቢ ሲወጣ ከኋላ ላየው ሰው በግራ በኩል ሌላ የማይታይ ሰው የተሳፈረ ይመስላል።

ክረምቱ ሲወጣ ዳማ ተለወጠ። በመጀመሪያ ራሱን ወደ ግራ ማዘንበል ጀመረ። ቀጥሎ ጀርባው ረገበ፤ የግራው ጎን ጡንቻ እየሟሸሸ የቀኙ አበጠ። ቆሞ ሲያርፍ እንኳ ግራ እግሩን ከፊት ለፊቱ ያስቀድማል። በመጨረሻ እርምጃው አጠረና በግራ የፊት እግሩ ያነክስ ጀመር። ዲንቄ ጠዋት ቆዳውን ስታነሣ ከግራ ትከሻው ጀርባ ያለው ቦታ ላይ ጣቷ ይቆማል። አይነሣም። ደጋግማ ትሞክራለች፤ በመዳፏ ክብ ክብ እያደረገች በሞቀ ውሃ ታሸዋለች። ማታ ትንሽ ይላቀቃል፤ በማግስቱ ከሥራ ሲገባ እንደገና ተያይዞ ይገኛል።

መናኸሪያው ላይ ወሬው ሌላ ነበር። «ሴት የነዳችው ፈረስ መጨረሻው ይኸው ነው» ተባለ። «እንደ ሕፃን እያባበለች አልፈሰፈሰችው» ያሉም ነበሩ። ወዬሳ ይህን እየሰማ ይመጣል፣ ቤት ውስጥ አይናገርም፤ እህሉን ግን ሳይጨርስ ይነሣል።

ከግብርና ቢሮ ሐዲስ የሚባል የእንስሳት ጤና ረዳት አንዳንድ ቀን ገበያው አጠገብ ከብት ያክም ነበር። ወዬሳ ፈረሱን ያለ ጋሪ ወስዶ አሳየው፤ ዲንቄና እኔም ተከትለን ሄድን። ሐዲስ እግሩን ከሰኮና እስከ ትከሻ ዳሰሰ፣ አስራመደው፣ ጀርባውንም ጫን ጫን አደረገ።

«እግሩ ምንም የለበትም፣ ኦቦ ወዬሳ» አለ። «የተያዘው ጀርባው ነው። በአንድ ጎን ክብደት በዝቶበታል፤ ያንን ሲሸሽ ነው እግሩን የሚያሳጥረው። ጭነቱ እንዲስተካከል አድርጉ፣ ጥቂት ወራትም ይረፍ። ደግሞ አደራ፣ በጋለ ብረት እንዳትተኩሱት።»

ወዬሳ ያን ሰምቶ ጎማዎቹን አስለወጠ። አናጺ ጠርቶ ዘንጎቹን አስተካከለ። መቀመጫውን ነቅሎ እንደገና አስመታ። ጋሪው ላይ ያልተነካ ነገር አልቀረም። ከዚያ ወጣና እንደለመደው በግራ ጎኑ ተቀመጠ። ማሳረፉንማ ማን ይችለዋል፤ ፈረሱ ያረፈ ቀን እነሱ ቤት እሳት አይነድም።

ዲንቄ ያን ጊዜም አልተናገረችም። ትራስ ሰፋች። በጭድና በጨርቅ ሞላችው፤ የግራውን ጎን ወፍራም፣ የቀኙን ስስ አደረገችው። በላዩ ላይ ቀይና ቢጫ ክር አስገባችበት፣ ስጦታ እንዲመስል። «ዳሌህን እንዳይቆረቁርህ ነው» ብላ ሰጠችው። እሱም ደስ አለው። ትራሱ ገፋ አድርጎ ወደ መሃል ስለሚያመጣው ዳማ ቀስ በቀስ ተሻለው፤ ከትከሻው ጀርባም ቆዳው ትንሽ ትንሽ መነሣት ጀመረ። ዲንቄ ደጃፌ ላይ መጥታ እጄን ጨበጥ አድርጋ ሄደች።

ትራሱን ያጋለጠው ደገፋ ነው። ክፋት አስቦ አይመስለኝም፤ አፉ ነው።

«ወዬሳ!» አለው በሰልፈኛው ፊት። «ሚስትህ እንቁላል አሳቅፋሃለች እንዴ? ይሄ ትራስ ነው ወይስ የዶሮ ጎጆ?» ብሎ ብድግ አድርጎ አገላበጠው። «ኧረ ይሄ ነገር በአንድ ጎኑ አብጧል! ፈረሱን ብቻ አይደለም፣ ትራሱንም አሳብጣዋለች።»

ሁሉም ሳቁ። ወዬሳ ትራሱን ተቀብሎ በእጁ መዘነው። ሥራውን ትቶ ያን ሰዓት ቤቱ መጣ። እኔ የተሰጣ በርበሬ እያገላበጥኩ ነበር፤ ትራሱን ዲንቄ እግር ሥር ሲወረውረው አየሁ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ጎንበስ ብላ ትራሱን አነሣች።

«ዲንቄ፣ ምንድን ነው አልኩሽ!»

«ማስተካከያ ነው።»

«ምኑን ነው የምታስተካክይው?»

ቀስ ብላ፣ ልጅ እንደምታስተኛ እናት በዝግታ ነገረችው። «ጋሪውም አይደለም፣ እግሩም አይደለም፣ ወዬሳ። አንተ ስታዘነብል እሱ ያዘነብላል። እሱ የሚያነክሰው ያንተን ማነከስ ነው።»

የወዬሳ ፊት ከስሎ አመድ መሰለ። ቢመታት ይሻል ነበር ብዬ አሰብኩ። አልመታትም። «ደገፋ ይተኩሰዋል» አለ።

«ከተኮስከው ቆዳው ከሥጋው ጋር ይያያዛል። ያ እግር ሁለተኛ አይዘረጋም።»

«የአራጅ ልጅ ነሽ። አንቺ የምታውቂው የሞተውን ነው።»

በመናኸሪያ ልማድ ያነከሰ ፈረስ ይተኮሳል። እግሩ ያነክስ እንደሆን እግሩን፣ ትከሻው እንደሆን ትከሻውን፣ ሕመሙ በጭስ ይወጣል ይባላል። ብዙ ደግ ሰዎች ፈረሳቸውን እየወደዱ አስተኩሰዋል። ከወፍጮ ቤቱ ኋላ ከሰል ተቀጣጠለ፤ ደገፋ ማጭድ አጋለ። ዳማ ግን ወንዶቹን አላስጠጋም፤ ተነሥቶ በፊት እግሮቹ አየሩን መታ። ልጓሙን ለመያዝ የሞከረው ሁሉ ሲያቅተው ወዬሳ ዞሮ ዲንቄን አያት። ሄዳ የዳማን አንገት ያዘች። ግንባሯን ከግንባሩ ገጥማ በኦሮምኛ ቀስ እያለች አወራችው፤ ቆመላት። ማጭዱ ትከሻው ላይ ሲያርፍ ገላው ሁሉ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልተራገጠም። እሷን ላለመርገጥ ይመስለኛል።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዳማ ለጥቂት ቀን መሻሉ ነው። ቁስሉ እስኪደርቅ ጋጣ ውስጥ ቆሞ ስላረፈ ማነከሱ ቀነሰ።

«አየሽ?» አላት ወዬሳ። ፊቱ በራ፤ ከዘመቻ ከተመለሰ ወዲህ እንደዚያ ሲበራ አላየሁም። «አየሽ፣ ዲንቄ?»

«አየሁ» አለች።

ቁስሉ ሲሽር ጠባሳው ተሰበሰበ። ከትከሻ እስከ ጎድን ድረስ ቆዳው እንደ ከበሮ ተወጠረ። ዳማ ግራ እግሩን ከመሬት ይጎትታል እንጂ አያነሣም። ወዬሳ ጅራፍ መጠቀም የጀመረው ያኔ ነው፤ እንባውን ጠርጎ እንደሚመታ ሰው ፊቱን አዙሮ ነበር የሚመታው። አንድ ከሰዓት በኋላ በወንጂ መንገድ ቁልቁለቱ ላይ ጆንያ ጭኖ ሲወርድ ዳማ ተደናቅፎ በጉልበቱ ወደቀ። ጋሪው ላዩ ላይ ተገለበጠ። ወዬሳን ሰዎች አነሱት፤ እሱ ከመቧጨር በቀር አልተጎዳም። የዳማ ሁለት ጉልበቶች ግን ተከፍተው አጥንት ይታያል።

ለሥራ የማይሆን ፈረስ ከከተማ ወጥቶ ይጣላል። ማታ ጅብ ይመጣል። ፈረስ መግደል ነውር ነው፤ መጣል ነውር አልነበረም። ወዬሳ ያን ያህል መንገድ መሄድ ስለማይችል ዲንቄ ገመዱን ይዛ ወሰደችው። ቀስ ብለው፣ እያረፉ ሄዱ። ስትመለስ ገመዱ እጇ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ልጆቹ «ዳማስ?» ሲሏት «ሣር አገኘ» አለቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት ዳማ መናኸሪያው በር ላይ ተገኘ። ጉልበቱ ደም እንዳረገዘ፣ በሁለት ጋሪዎች መካከል፣ የራሱ ተራ ላይ ቆሟል፤ ጋሪ የተጠመደለት ይመስል አንገቱን ወደ ፊት አድርጎ። ያን ዕለት የደገፋ አፍ ተዘጋ። ከጋሪው ወርዶ ማንንም ሳያይ ፈረሱን ራሱ ነዳው፤ ወዴት እንዳደረሰው አልተናገረም፣ የጠየቀውም የለም።

የባለጋሪዎች ማኅበር ለአገሩ ለቆሰለ ሰው መዋጮ ሰብስቦ ለወዬሳ አንዲት አመድማ ባዝራ ገዛለት። ገና ለግላጋ ናት፤ ጀርባዋ ለስላሳ፣ ዓይኗ ትልልቅ። የመጣች ቀን ዲንቄ ከማጅራቷ እስከ ሽንጧ ዳሰሰቻት። ቆዳዋ በየትም ቦታ እንደ ሐር ይነሣል። ከዚያ ወደ ወዬሳ ዞረች።

«እኔ ልንዳ» አለችው። «አንተ ሰው ጥራ፣ ዕቃ አስጭን፣ ተራ አስጠብቅ። አብረን እንሥራ።»

«ሚስቱ በምትነዳው ጋሪ ዙሪያ በከዘራ እየዞረ ሰው የሚጣራ ልሁን?»

«ምን አለበት?»

ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፤ በግራ ጎኑ። ሲናገር ድምፁ አልጮኸም። «ጦር ሜዳ፣ እዚያ ምሽግ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቼ የማስበው አንድ ነገር ነበር። አንቺንም ልጆቹንም አልነበረም፤ እውነቱን ልንገርሽ። እናንተን ካሰብኩ አለቅሳለሁ። ያንን መቀመጫ ነበር የማስበው። መንገዱን ከላይ ሆኜ ሳየው። ሌላ የተረፈኝ ነገር የለም፣ ዲንቄ። ይሄንን አትውሰጂብኝ።»

በማግስቱ ባዝራይቱ ተጠመደች። ወዬሳ በግራው ተደላድሎ፣ ቀኝ እግሩን ዘርግቶ፣ ልጓሙን አሳጥሮ ወጣ። ዲንቄ በሩ ላይ ቆማ ጋሪው እስኪታጠፍ አየችው። ከዚያ ገብታ የልጆቹን ልብስ በነጠላ ቋጠረች።

«የት ነው?» አልኳት።

«ወንድሜ ጋ፤ መቂ።»

«በፈረስ ምክንያት ባል ይተዋል፣ ልጄ?»

«በፈረስ አይደለም፣ አዴ። ሁለተኛ አንገት መያዝ አልችልም።»

ጎረቤቱ ሁሉ ፈረደባት። የቆሰለ ጀግና ጥላ ሄደች ተባለ። ወዬሳ ሽማግሌ ላከ፣ አልመጣችም። ራሱ ግን አልሄደም።

ከዓመት በኋላ ለልቅሶ መቂ ሄድኩና ጠይቄ አገኘኋት። ለነጋዴ ሽንኩርት በሚለቅሙ ሴቶች መሃል መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ጣቶቿ በልጣጭ ቀልተዋል። ስማኝ ስታበቃ አጠገቧ ጆንያ አነጠፈችልኝ። ልጆቹ ትምህርት ቤት እንደገቡ ነገረችኝ። ስለ ናዝሬት ሰዎች ሁሉ ጠየቀችኝ፤ ስለ እሱ ግን አልጠየቀችም። ለመሄድ ስነሣ ነው ድንገት ያነሣችው።

«ባዝራይቱስ?»

መዋሸት ከበደኝ። «ማነከስ ጀምራለች» አልኳት።

የያዘችውን ሽንኩርት ጭራ ቆረጠች። «በየትኛው ጎን?»

«በግራ።»

ራሷን ነቀነቀችና ሌላ ሽንኩርት አነሣች።